የባሮ የእንፋሎት መርከቦችና የጣና ጀልባዎች፤ ታሪካቸው፣ ቅርስነታቸውና ወደ አገልግሎት የመመለስ ተስፋ

ጠቅላላ መግለጫ

በኢትዮጵያ ታሪክ የእንፋሎት መርከቦች በመደበኛነት የንግድ አገልግሎት የሰጡበት ወንዝ ባሮ ነው። በአማራ ክልል ደግሞ የውሃ ላይ ጉዞ ትዝታ የሚያያዘው ከጣና ሐይቅ ታንኳዎችና የሞተር ጀልባዎች ጋር ነው። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ታሪክ፣ ለመቋረጣቸው ምክንያት የሆኑትን ጉዳዮችና የመልሶ ማቋቋም ተስፋቸውን ይገልጻል። በተጨማሪም በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በተለይም በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች የሚገኙ ነዋሪዎች ከውሃ ላይ ትራንስፖርት ጋር የተያያዙ ቅርሶችን በተመለከተ ማወቅ የሚገባቸውን ያብራራል።

የስያሜው አመጣጥ

የእንፋሎት መርከብ በማገዶ ወይም በድንጋይ ከሰል ውሃ አፍልቶ በሚገኘው የእንፋሎት ግፊት የሚንቀሳቀስ ነው። በወንዝ ላይ የሚሠሩት መርከቦች ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ እንዲሄዱ ሆዳቸው ዝርግ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ብዙዎቹም የሚገፉት ከጎን ወይም ከኋላ በተገጠመ ትልቅ መቅዘፊያ መንኮራኩር ነበር። «ባቡር» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ ዘመን የተረፈ ነው። መነሻው በጣሊያንኛ እንፋሎት ማለት ሲሆን፣ በዓረብኛ በኩል ሲያልፍ የእንፋሎት መርከብንም የምድር ባቡርንም ለመጥራት አገልግሏል። በገጠር የእህል ወፍጮ «ባቡር» መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው።

በአዊ አካባቢ መርከብ ያልተጓዘበት ምክንያት

የእንጅባራ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጣና ሐይቅ ከፍታ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የአካባቢው ወንዞች ይህን ልዩነት በአጭር ርቀት ስለሚወርዱ ፍጥነታቸውና ፏፏቴዎቻቸው ለመርከብ አይመቹም። አባይም ከጣና ከወጣ በኋላ በጢስ አባይ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ወደ ጥልቅ ሸለቆ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካዊው ማክሚላን በብረት ጀልባዎች አባይን ተከትሎ ወደ ሱዳን ለመውረድ ሞክሮ ጀልባዎቹ ገና በጉዞው መጀመሪያ ተሰባብረዋል። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦችም በአባይ ላይ በክረምት ሙላት ሊደርሱ የቻሉት በሱዳን ግዛት እስከምትገኘው ሮዛሪስ ብቻ ነበር።

በመሆኑም የዳንግላ ገበያ ዕቃ የሚጓጓዘው በበቅሎና በአህያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ቺዝማን የአባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ በእግርና በበቅሎ እየተጓዘ ካርታ አንሥቷል፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳትሟል።

የባሮ የእንፋሎት መርከቦች

ባሮ ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ ሶባት የተባለውን ወንዝ ይፈጥራል፤ ሶባትም ወደ ነጭ አባይ ይገባል። በዚህ መስመር ከጋምቤላ እስከ ካርቱም ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የውሃ መንገድ ይገኛል።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ዳርቻ ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ ርዝመትና ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ስፋት ያለው የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ጣቢያው በ1890ዎቹ ማብቂያ በጋምቤላ ሥራ ጀመረ። የኢሉባቦር ቡና፣ ሰምና ቆዳ ከጎሬ በቡሬ በኩል በእንስሳት ተጭኖ ይወርዳል፤ በመርከብ የመጣው ጨውና ጨርቅ ደግሞ በዚያው መንገድ ይወጣል። እዚህ ላይ የተጠቀሰችው ቡሬ የኢሉባቦሯ እንጂ ለአዊ ጎረቤት የሆነችው የጎጃሟ ቡሬ አይደለችም።

መርከቦቹ ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ነበር። ጭነት የያዙ ጀልባዎችን ከጎናቸው አስረው እየጎተቱ፣ በየመንገዱ ማገዶ እየጫኑ ይጓዙ ነበር። ውሃው ሳይጎድል ያልተመለሰ መርከብ እስከሚቀጥለው ክረምት ሊታገድ ስለሚችል፣ የነጋዴውም የጫኙም የዓመት ሥራ በወንዙ ሙላት ላይ የተመሠረተ ነበር።

ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ። ሆኖም ንግዱ ወደ አዲስ አበባና ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች በሚወስዱ መንገዶች እየዞረ ሄደ፤ በሱዳን የተካሄዱት የእርስ በርስ ጦርነቶችም የወንዙን መስመር አዳከሙት።

የጣና ሐይቅ ጀልባዎች

በጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ ያገለገለው ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነው። በሠሪነቱም የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ይታወቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጎርጎራን ማዕከል ያደረገ የሞተር ጀልባ ትራንስፖርት ተጀመረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅ ደሴትን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ ጎርጎራ የሚደርሰው መስመር ለሐይቁ ዙሪያ ሕዝብ ገበያ፣ ሕክምናና የቤተ ዘመድ መገናኛ ሆኖ ኖሯል። ለአዊ ነዋሪም ቅርቡ የመርከብ ትዝታ ይኸው ነው፤ ከእንጅባራ ባሕር ዳር በመኪና 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ዳንግላም በዚሁ መንገድ ላይ ትገኛለች።

ወደ አገልግሎት የመመለስ ተስፋ

አሮጌ መርከብን መልሶ ማሠራት እንደሚቻል በአፍሪካ የታዩ ምሳሌዎች ያስረዳሉ። በታንጋኒካ ሐይቅ የምትታወቀው ሊዬምባ በጀርመን ተሠርታ፣ ተፈታትታና ወደ ስፍራው ተጓጉዛ የተገጣጠመች መርከብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1916 ሆን ተብሎ እንድትሰጥም ከተደረገች በኋላ በ1924 ከውሃ ወጥታ፣ በ1927 በአዲስ ስሟ አገልግሎት ጀምራለች። በግብፅም እ.ኤ.አ. በ1921 የተሠራችው «ሱዳን» የተባለች የእንፋሎት መርከብ ታድሳ ጎብኚዎችን በአባይ ላይ ታመላልሳለች።

በጣና ላይ ጅምሮች አሉ። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ጎርጎራ ለምቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «ጣናነሽ ፪» የተሰኘችው ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጓጉዛ ወደ ሐይቁ መጥታለች። በአንጻሩ የእምቦጭ አረም መስፋፋት የጀልባ እንቅስቃሴን የሚያውክ ችግር ነው። የባሮ መስመር እንደገና እንዲከፈት ደግሞ የወንዙ ጥልቀት፣ የድንበር ሰላምና ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ነፃ አገር ከሆነችው ደቡብ ሱዳን እንዲሁም ከሱዳን ጋር የሚደረግ ስምምነት ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ አዲስ ጀልባ መግዛትና የቀድሞውን መጠበቅ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አዲስ ጀልባ በማንኛውም ጊዜ ሊገዛ ይችላል፤ ለቁራጭ ብረት የተሸጠ አሮጌ ቀዘፋ ወይም ሳይመዘገብ የቀረ የሽማግሌ ምስክርነት ግን ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ የማደስ ተስፋ የሚጀምረው ያለውን ከመመዝገብ ነው።

ነዋሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅን ለመወሰን በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን መጠገንና ማደስ የሚቻለው በቅድሚያ ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ሲገኝ ነው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር መላክም የተከለከለ ነው። በመሆኑም፦

• የመርከብ ወይም የጀልባ አካል፣ ሞተር፣ ደወል፣ መልሕቅ ወይም የጉዞ መዝገብ በእጁ የሚገኝ ሰው ከመሸጡ ወይም ከመቀየሩ በፊት ለወረዳው ወይም ለከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይኖርበታል።

• አሮጌ ብረት ቢዝግም ከመፋቁና ቀለም ከመቀባቱ በፊት ባለሙያ ሊያየው ይገባል፤ የሠሪው ስም፣ ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዝገቱ ሥር ነው።

• ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ ወይም የጭነት ደረሰኝ ያላቸው ቤተሰቦች ዋናውን በእጃቸው እንደያዙ ቅጂውን ማስመዝገብ ስለሚችሉበት ሁኔታ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎትን መጠየቅ ይችላሉ።

• በዕድሜ የገፉ መርከበኞችን፣ ወደብ ጫኞችንና በመርከብ የነገዱ ሰዎችን የሚያውቁ ወጣቶችና መምህራን ቃላቸውን በፈቃዳቸው ቀድተው፣ ስፍራውንና ዘመኑን ጽፈው ቢያስቀምጡ ለጥናት ትልቅ አስተዋጽኦ ይኖረዋል።

• በዘንገና ሐይቅም ሆነ በሌላ ውሃ ላይ ጎብኚ የሚያጓጉዝ ጀልባ ለማሠማራት የሚያስብ ግለሰብ ወይም ማኅበር ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ስለ ጀልባው ምዝገባና ስለ ተሳፋሪ ደኅንነት መስፈርቶች የክልሉን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትና የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባዋል።

ጉዳዩ ከወረዳ አቅም በላይ ሲሆን በእንጅባራ ለሚገኘው የዞኑ የባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ ቀጥሎም በባሕር ዳር ለሚገኘው የክልሉ ቢሮ፣ እንዲሁም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል። ማመልከቻው የዕቃውን ዓይነት፣ የተገኘበትን ስፍራ፣ አሁን ያለበትን ሁኔታና በእጅ የገባበትን መንገድ ቢገልጽ፣ ከተቻለም ፎቶግራፍ ቢያያዝበት የምርመራው ሥራ ይፋጠናል።