የራግቢ ሊግ ክለቦችና የብሔራዊ ቡድኖች ውዝግብ

የራግቢ ሊግ ክለቦችና የብሔራዊ ቡድኖች ውዝግብ የሚባለው፣ ለአገሩ ሲጫወት የተጎዳን ተጫዋች ኪሳራ ማን ይሸከም በሚለው ጥያቄ ዙሪያ የሚነሳው አለመግባባት ነው። ራግቢ ሊግ እያንዳንዳቸው 13 ተጫዋቾች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግ፣ ኳስ የያዘን ተጋጣሚ ይዞ መጣል የሚፈቀድበት ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በሰሜን እንግሊዝ ሃደርስፊልድ ከተማ ከነባሩ የራግቢ ማኅበር ሲገነጠል የጠቡ መነሻ፣ ለጨዋታ ሲሉ ከሥራ የቀሩ ሠራተኞች ላጡት ደሞዝ ካሳ ይከፈላቸው ወይስ አይከፈላቸው የሚል ነበር። ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ከስፖርቱ ጋር አብሮ ተወልዷል ማለት ይቻላል።

የውዝግቡ መነሻ

ለተጫዋቹ ዓመቱን ሙሉ ደሞዝ የሚከፍለው ክለቡ ነው፤ ብሔራዊ ቡድኑ የሚጠራው ለጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ነው። በእነዚያ ጨዋታዎች ጉልበቱ ወይም ትከሻው ቢጎዳ ግን ለወራት ያለ እሱ የሚጫወተው ክለቡ ነው። በአውስትራሊያና በእንግሊዝ ሊጎች የደሞዝ ጣሪያ ስላለ፣ በምትኩ ሌላ ተጫዋች እንደልብ መግዛትም አይቻልም።

የጊዜ ሰሌዳው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የአውስትራሊያው ናሽናል ራግቢ ሊግ ከማርች እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ይካሄዳል። አብዛኞቹ ዓለም አቀፍ ጨዋታዎች የሚደረጉት ከዚያ በኋላ፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው። ይህ ወቅት ግን ተጫዋቾች ዓመቱን ሙሉ ችለውት የቆዩትን ጉዳት በቀዶ ሕክምና የሚያስጠግኑበት ነው። ለአገሩ ተጫውቶ ቀዶ ሕክምናውን ወደ ዲሴምበር የገፋ ሰው ለቀጣዩ የውድድር ዘመን መክፈቻ መድረሱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ክለቡ ቶሎ እንዲታከም ሲፈልግ፣ ብሔራዊ ቡድኑ ጥቂት ሳምንታት እንዲታገስ ይፈልጋል።

የዴንቨር ጨዋታ

እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2018 እንግሊዝና ኒው ዚላንድ በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ተጋጠሙ። ጨዋታው የተደረገው ሊጉ በመካሄድ ላይ እያለ በመሆኑ፣ ከአውስትራሊያ ክለቦች የመጡት ተጫዋቾች ውቅያኖስ ተሻግረው ከተመለሱ በኋላ በቀጣዩ ሳምንት ለክለባቸው መሰለፍ ነበረባቸው። ክለቦቹ የጉዞውን ድካም፣ የጉዳት ሥጋትንና የከተማዋን ከፍታ አንስተው ተቃወሙ። ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቆላ ሊመስል ይችላል፣ በባሕር ጠረፍ ለሚኖር የሲድኒ ተጫዋች ግን ቀላል አይደለም። የሚገርመው የእንግሊዝ አሰልጣኝ ዌይን ቤኔት በዚያው ጊዜ የብሪዝበን ብሮንኮስ ክለብ አሰልጣኝም ነበሩ። እንግሊዝ 19,320 ተመልካች ፊት 36 ለ 18 አሸነፈች። በዴንቨር በየዓመቱ ሊደረግ የታሰበው ግጥሚያ ግን አልተደገመም።

በጁላይ 2021 አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ በኮቪድ-19 ምክንያት የተጫዋቾችን ደኅንነት ጠቅሰው በእንግሊዝ ሊደረግ ከነበረው የዓለም ዋንጫ ራሳቸውን አገለሉ። የአውስትራሊያ ክለቦችም ተጫዋቾቻቸው እንዲሄዱ አልፈለጉም ነበር። ውድድሩ ወደ 2022 ተዛወረ፤ ዋንጫውንም አውስትራሊያ ወሰደች።

ከእግር ኳስ ጋር ሲነጻጸር

በእግር ኳስ ተመሳሳይ ጠብ ፍርድ ቤት ደርሷል። የቤልጅጉ ሻርለርዋ ክለብ ተጫዋች አብደልመጂድ ኡልሜርስ በኖቬምበር 2004 ለሞሮኮ ሲጫወት ተጎድቶ ለወራት ከሜዳ ራቀ፤ ክለቡም ፊፋን ከሰሰ። ጉዳዩ በ2008 በስምምነት ተዘጋ። ፊፋ ከ2012 ጀምሮ ከ28 ቀን በላይ ለሚቆይ ጉዳት የተጫዋቹን ደሞዝ ለክለቡ የሚተካ መድን አቋቁሟል፤ የክፍያው ጣሪያ 7.5 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ራግቢ ሊግ የፊፋን ያህል ገቢ ያለው ዓለም አቀፍ አካል የለውም።