ትከሻው ይታይ፦ የጎንደር የጭፈራ ልብስ የማን እጅ ሥራ ነው?

በ2002 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ ተማሪ ነበርኩ። ኅዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የባህል ክበባችን ስብሰባ ጠራ። ሥዕል ይሞካክራል ተብዬ የአልባሳቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ጨፋሪዎቹ ስምንት ናቸው፤ አራት ሴት፣ አራት ወንድ። የተሰጠኝ ብር ለስምንት ሰው ልብስ ቀርቶ ለስምንት ሰው ምሳም የሚበቃ አይመስልም ነበር።

ወረቀት ላይ ሣልኩ። እጀታው ክንድ ላይ ልክክ ያለ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ፎቶ ላይ የሚያምር ነገር። በልምምዱ ቀን ከበሮው ተመታ፣ እስክስታው ሞቀ፣ የሦስቱ ልብስ ብብቱ ላይ ተረተረ። አንዷ ልጅ እየሳቀች ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ ወጣች። ሌላዋ አልሳቀችም።

የተቀደደውን በፌስታል ይዤ ፒያሳ አካባቢ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። አዛውንት ናቸው። ልብሱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና «ይኼን የቆረጠው ማነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«አንተ ሰው ቆሞ ሲያወራ ነው የለካኸው። እስክስታ የሚወርድ ሰው ልኩ ሌላ ነው።»

መዳፍ የምታክል አራት ማዕዘን ጨርቅ ቆረጡና ብብቱ ላይ አስገብተው ሰፉ። ልበሰውና ክንድህን አንሳ አሉኝ፤ አነሣሁ፤ ልብሱ ከወገቤ ንቅንቅ አላለም። «ለኪነት ስንሰፋ እንዲህ ነበር» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ያቺ «ለኪነት ስንሰፋ» የምትል ቃል ከዚያ ወዲህ አልለቀቀችኝም። ምክንያቱም ክበቡ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ የከረምነው «ትክክለኛው የጎንደር ልብስ የትኛው ነው?» በሚል ነበር። በዓሉ የሚፈልገው አንድ ሕዝብ፣ አንድ ልብስ ነው። እኛም ነጭ ቀሚስ፣ ሰፊ ጥለት፣ ወገብ ላይ መቀነት፣ ለወንዱ ደግሞ ዱላ የሚባለውን «ከጥንት የመጣ» ብለን ተቀበልን። ከጥንት የመጣው ግን የትኛው ነው?

እስቲ ወደ ሰሜን እንውጣ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ አልፎ ወደ ጃናሞራና ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጣ ብርዱ አጥንት ይገባል። በዚያ አገር እረኛው ለምድ ደርቦ፣ ገበሬው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው የሚታየው። ጥጥ ደጋ ላይ አይበቅልም፤ ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከአርማጭሆ ቆላ ተጭኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ንጹሕ ነጭ ሸማ ለደገኛው የዘወትር ልብስ ሳይሆን ገንዘብ ነበር፤ ለሠርግ፣ ለጥምቀት፣ ለክርስትና ከሣጥን የሚወጣ። ሰው የጨፈረው ባለው ልብስ ነው። «የጭፈራ ልብስ» ተብሎ ለብቻው የተሰፋ ነገር መኖሩን የሚነግረኝ የአካባቢው ሽማግሌ እስካሁን አላገኘሁም።

ሸማው ራሱ ትከሻን ለማሳየት አልተሠራም፤ ለመሸፈን ነው የተሠራው። እስክስታ ደግሞ ያለ ትከሻ የለም። ታዲያ ጨፋሪው ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያስራል። ይህ አስተሳሰር በአማርኛችን የቆየ ስም አለው፤ ማደግደግ። ባለሟል በጌታው ፊት፣ አሽከር በግብር ላይ ሸማውን ወገቡ ላይ አደግድጎ ነበር የሚቆመው። እንደ እኔ ግምት ዛሬ መድረክ ላይ የምናያት የወገብ ነጠላ ሁለቱንም ተሸክማለች፤ የትከሻውን ነፃነትም፣ የአገልጋዩን ምልክትም። ይህንን የምለው ማንንም ለማሳነስ አይደለም።

ሸማውንስ ማን ሠራው? ከተማዋ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል ስትቆረቆር ዙሪያዋ በባለ እጆች ተሞላ። በልጃቸው በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሠፈራቸው እንዲኖሩ ተወሰነ። የሙስሊሞቹ ሠፈር ኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ነው፤ ንግድና ሽመና የሚታወቅበት። ቤተ እስራኤሎቹ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሴቶቻቸውም ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ይኖራል። አገሩም ከእጃቸው የወጣውን እየለበሰ «ቁጢት በጣሽ» ሲላቸው ኖረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሙያው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስድቡ እንዲሁ ስላልተወ ነው። ዐዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ቀረ ለማለት ግን ያስቸግራል።

ልብ በሉ፤ አንድ የጎንደር ጭፈራ መድረክ ላይ ሲቆም ማሲንቆውን የሚመታው አዝማሪ፣ የከበሮውን ቆዳ ያለፋው ፋቂ፣ ልብሱን የሠራው ሸማኔ ነው። ሦስቱም ለዘመናት ልጅ የማይዳርላቸው ሰዎች ነበሩ።

ሌላው ምንጭ ከላይ፣ ከመኳንንቱ ቤት ነው። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ በሐር የተጠለፈ አንድ የጥጥ ቀሚስ አለ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዱት አንዱ ሲሆን የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደነበረ ይታመናል። ጥሩወርቅ የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት። አባቷን ያሠረውን ሰው አግብታ፣ ባሏ ራሱን ካጠፋ በኋላ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሰሜን ስትጓዝ መንገድ ላይ አረፈች። ቀሚሱ አገር አቋርጦ ሄደ። ሙዚየሙ በ2010 ዓ.ም. ለዕይታ ሲያወጣው ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ጌጡ ጥልፍ ነው፤ በመርፌ የተሠራ። ዛሬ «የጎንደር» የምንለው ሰፊ ጥለት ግን ሽመናው ላይ በመወርወሪያ የሚገባ ነው። ሁለት የተለያየ ሙያ፣ ሁለት የተለያየ ሰው።

ታዲያ የገበሬው ጭፈራ፣ የመኳንንቱ ጌጥና የሸማኔው ነጭ አንድ ልብስ ላይ የተገናኙት መቼ ነው? መልሱ ያ ልብስ ሰፊ ያሉት ነው፤ ለኪነት ሲሰፋ።

መንገዱ የተጀመረው አዲስ አበባ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ማኅበር ባህላዊ ዘፈንና ጭፈራን መድረክ ላይ አወጣ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በየአገሩ ለየብቻ የሚመቱ መሣሪያዎችን አንድ ላይ አስቀመጠ። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ ነገሩ ከመዲናዋ ወጥቶ ቀበሌ ድረስ ወረደ። ቀበሌው፣ ከፍተኛው፣ አውራጃው፣ ትምህርት ቤቱ ኪነት ኖረው። ጎንደር ፋሲለደስን፣ ጎጃም ግሽ ዓባይን፣ ወሎ ላሊበላን አቆሙ። ጎንደር ላይ እነዚያ ዓመታት የመላኩ ተፈራ ዓመታትም ነበሩ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ ወጣቱ መድረክ ላይም ነበር፣ መቃብር ውስጥም ነበር። ስለ ኪነት ሲወራ ጣፋጭ ትዝታ ብቻ ሲደረደር የማይዋጥልኝ ለዚህ ነው።

መድረክ የራሱ ሕግ አለው። ጨፋሪዎቹ በሰልፍ ይቆማሉ፤ ስለዚህ ልብሱ አንድ ዓይነት ይሁን። ኋላ የተቀመጠው ሰው ጠባብ ጥለት አይታየውም፤ ስለዚህ ጥለቱ ይስፋ። ያው ጨፋሪ ከጎንደር ወደ ጉራጌ፣ ከጉራጌ ወደ ትግርኛ በደቂቃዎች ውስጥ መለወጥ አለበት፤ ስለዚህ ልብሱ ቶሎ የሚወልቅ፣ ገና ሲታይ «ይኼ የእነ እንትና ነው» የሚያሰኝ ይሁን። በ1977ቱ ድርቅ ለደረሰው እርዳታ ምስጋና ለማቅረብ በ1980 ዓ.ም. ዓለምን የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» ይህንን መልክ በቪዲዮ ካሴት ለመላው አገር አደረሰው። እኛ በ2002 «ጥንታዊ» ብለን የተጨቃጨቅንበት ልብስ ዕድሜው ከወላጆቻችን ያነሰ ነበር።

ይህንን ሳውቅ አልተናደድኩም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ሰው ያሰበበት፣ የቆረጠበት፣ የተሳሳተበትና ያረመው ነገር ነው ማለት ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ የዘፋኙን ስም እናውቃለን፣ የሰፊውንና የሸማኔውን ግን አንድ እንኳ አንጠራም።

አሁን ደግሞ እጁም እየጠፋ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤሎች በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ሲወሰዱ ከጎንደር ዙሪያ የሄደው ሰው ብቻ አልነበረም፤ ሙያም ሄዷል። የቀረው ሸማኔ ደግሞ ጥለት ከታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ጋር ነው የሚፎካከረው። ከውጭ የሚገባው ሽፎንና ፖሊስተር በጣቃ ይሸጣል፣ አይጨማደድም፣ በአንድ ቀን ይሰፋል። በሽመና የሚሠራው ጨርቅ ወርዱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ፈትሉ፣ ድሩ፣ ማጉ፣ ጥለቱ ሳምንታት ይፈጃል። የተማሪ ክበብ የትኛውን ይገዛል? በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ ተሰልፈው የሚያልፉትን ወጣቶች ቀሚስ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ከበስተጀርባው ነጭ ከሆነ ታትሟል ማለት ነው።

ፖሊስተር ይከልከል አልልም። ላብ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ የጨፈረበት ያውቀዋል። የምለው በየዓመቱ ለባህል ቀን በጀት የሚይዝ ትምህርት ቤት፣ ዩኒቨርሲቲና የባህል ቢሮ ትእዛዙን ከስድስት ወር በፊት ለሸማኔ ቢሰጥ ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው። ለየአጋጣሚው የሚጣል ልብስ ከመግዛት አንዴ የተሠራውን አሥር ዓመት መልበስም ይቻላል። እኛ ያን ዓመት ነጩን ከአዲስ ዓለም ነበር የገዛነው፤ ተከራክረን፣ ግማሹን በዱቤ። ሸማኔው ዝግጅቱን ለማየት መጥቶ ነበር። መታወቂያ ስለሌለው በር ላይ ቀረ።

ባለፈው ወር አንድ የክበብ ተማሪ ደወለልኝ። ስልኬን ከሰው ተቀብሎ ነው። «ጋሼ፣ የጎንደር ልብስ በርካሽ የት ይገኛል?» አለኝ። አዲስ ዓለምን ነገርኩት።

«ለሐሙስ ይደርሳል?»

«አይደርስም።»

ዝም አለ። የታተመውን እንደሚገዛ ገባኝ። እንግዲያውስ ሲያሰፋ ብብቱ ላይ መዳፍ የምታክል ጨርቅ ማስጨመር እንዳይረሳ ነገርኩትና ስልኩን ዘጋን።