ስለ ዝርዝር ገንዘብ፤ ከአሞሌ እስከ ሳንቲም

የደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል በሚከበርበት ጊዜ የሕንፃው ግርማ፣ የንዋየ ቅድሳቱ ብዛትና የአባቶች ትጋት ይነገራል። ጧፉና ዕጣኑ፣ ዘቢቡም የተገዛበት ዝርዝር ገንዘብ ግን የሚያነሣው የለም። ዛሬ ብዙ ሰዎች፣ ዋጋው ያነሰ ሳንቲም ከገበያ ይውጣ ወይስ ይቆይ? እያሉ ይጠያየቃሉ። ይህ ጥያቄ የባንክና የነጋዴ ብቻ እንዳይመስለን፣ አስቀድመን የታሪክን ምስክርነት እንስማ።

አባቶቻችን የተገበያዩበት ታላቁ ብር የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ትሬዛ መልክ ያለበትና በአውሮፓ አቆጣጠር የ1780 ዓመት የተጻፈበት ነበረ። ይህ ብር በሬ ወይም ጠመንጃ ለሚገዛ ሰው የተመቸ ነበረ። የፈተለችውን የበግ ጠጉር ወይም አንድ ቁና ገብስ ይዛ ለምትወጣ ለመንዝ ባላገር ሴት ግን እጅግ የበዛ ነበረ። ስለዚህ ከዳሎል በረሓ ተቆርጦ በግመልና በአጋሰስ የሚመጣው አሞሌ ጨው የዝርዝሩን ቦታ ያዘ። አሞሌም ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በአንድ ብር የሚመነዘረው ቍጥሩ ከአገር አገር ይለያይ ነበር። ዝናብ ሲነካው ይቀልጣል፤ ሲሰበርም ዋጋው ይጎድላል። የጥይት ቀለህ ሳይቀር እንደ ዝርዝር የተቆጠረበት ጊዜ ነበረ። ከዚህ የምንረዳው፣ መንግሥት ዝርዝር ባይሰጠው እንኳ ድኻ ዝርዝሩን ከጨውም ከናስም ፈልጎ የሚያገኝ መሆኑን ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን ተመልክተው በ1887 ዓ.ም. በመልካቸው የተቀረጸውን ብር በፓሪስ ባሠሩ ጊዜ፣ ብሩን ብቻ አላሠሩም። ከእርሱ በታች አላድ፣ ሩብ፣ ተሙንና ገርሽ አስከትለው፣ ቆይቶም የመዳብ ቤሳ ወጣ። ታላቁ ብራቸው ማርያ ትሬዛን ቶሎ ሊያስለቅቅ ባይችልም፣ የብርን ዋጋ ከፋፍሎ ለትንሹ ገበያተኛ ማድረስ የመንግሥት ሥራ መሆኑ ከዚያ ወዲህ ታወቀ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የ1923 ዓ.ም. ዘመን በተጻፈባቸው ገንዘቦች ብሩን በ100 ማቶና ከፈሉት። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ ገንዘብ ሲታወጅ ሳንቲም ወጣ። በዚያን ጊዜ ክብ የነበረውን የ25 ሳንቲም መዳብ ብር ቀለም እየቀቡ እንደ 50 ሳንቲም የሚያሳልፉ አታላዮች ስለ ተነሡ፣ በኋላ ዳርቻው እንደ አበባ ቅጠል ተደርጎ ተሠራ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተደረገለት ገንዘብ በእውነት ዋጋ የነበረው ነው።

የ1969 ዓ.ም. ዘመን ያለበት አንድ ሳንቲም ከቀላል አልሙኒየም የተሠራ ሲሆን፣ በአንድ ፊቱ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ፊቱ ጥንድ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለበት። ገበሬው ዛሬም ያርሳል፤ ሳንቲሙ ግን ከሞላሌም ከመሐል ሜዳም፣ ከዓለም ከተማም ገበያ ጠፍቷል። አዋጅ ሳይሆን የኑሮ ውድነት ነው ያስወጣው። በሬ ይገዛበት የነበረው ብር እንኳ ስሙን ብቻ ይዞ፣ የ2002 ዓ.ም. ዘመን ተጽፎበት፣ ራሱ ከዝርዝሩ ተቈጥሯል።

ትናንሾቹ ይቅሩ የሚሉት ሰዎች ምክንያት አላቸው። ማሠሪያው ከዋጋው ሲበልጥ ለመንግሥት ኪሳራ ነው። ካናዳም በ2005 ዓ.ም. አንዱን ሳንቲም ማከፋፈል ትታ፣ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ሒሳብ ወደ ቅርቡ አምስት ሳንቲም ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል አድርጋለች። በእኛ ገበያ ግን ዝርዝር ሲጠፋ ሒሳቡ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ሲጠጋጋ አይታይም። ባለሱቁ «መልስ የለኝም» ብሎ ከረሜላ ይሰጣል። ጉዳቱም ብዙ ከሚገዛው ይልቅ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት በሚገዛው ላይ ይበረታል።

እንግዲህ ፍርዱ እንዴት ይሁን? የአገራችን ሰው «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላል። ምንም የማይገዛ ሳንቲም የማይጣፍጥ ጨው ስለ ሆነ፣ ይቆይ ብንለው አይቆይም። ጥቂት ነገር እንኳ የሚገዛው ዝርዝር ግን ሳይጎድል በየገበያው ሊገኝ ይገባዋል፤ እርሱ የድኻ ገንዘብ ነውና።

ለእኛም ለምእመናን የሚቀር ነገር አለ። በወንጌል የተመሰገነችው መበለት የጣለችው ሁለት ሳንቲም ትንሽ ነበረ፤ ነገር ግን የምትበላበት ነበረ እንጂ ገበያ የናቀው አልነበረም። ስለዚህ ነጋዴ የመለሰውን ሳንቲም ለነዳይ መወርወር ወይም በሙዳየ ምጽዋት መጨመር ምጽዋት አይባልም። ተቀባዩም አገልጋይ ከድኻ እጅ የመጣውን ትንሽ ገንዘብ በንቀት እንዳያየው ይጠንቀቅ። ይህ ደብር እስከ ዛሬ የቆመው ጥቂት ያለው ሰው ጥቂቱን ሳያፍር ስለ ሰጠ ነው።