ከጉና እስከ በሽሎ፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ምን ያስተምረናል?

 

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ቅዱስ ቁርኣን በአል-አንዓም፣ በአር-ሩምና በሌሎችም ምዕራፎች ሰው በምድር ላይ ተዘዋውሮ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሕዝቦች መጨረሻቸው ምን እንደሆነ እንዲያስተውል ያዛል። ይህ ትእዛዝ ገንዘብ ኖሯቸው ሩቅ አገር ለሚጎበኙ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሰው ከደጁ ጀምሮ ያለውን መንገድ፣ ወንዝ፣ ገበያና መቃብር በማስተዋል ከተመለከተ ትእዛዙን መፈጸም ጀምሯል። በዛሬው ዝግጅታችንም ከደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ጋር በታሪክ በኩል እንተዋወቃለን።

ስም ራሱ ታሪክ ነው

በመጀመሪያ የአገሩን አቀማመጥ እንመልከት። ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይገኛል። ጉማራና ርብ ከዚሁ ተራራ ፈልቀው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ከጉና ወዲያ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፣ ወደ ደቡብ ደግሞ እስቴና ስማዳ ይዘረጋሉ። ስማዳ በምሥራቅ በኩል በበሽሎ ከወሎ፣ በደቡብ በኩል በዓባይ ከጎጃም ይዋሰናል። ስለዚህ ይህ አገር የሦስት ጠቅላይ ግዛቶች ሰው የሚተላለፍበት በር ሆኖ ኖሯል።

የከተሞቹ ስምም ይናገራል። የላይ ጋይንቱ ነፋስ መውጫ የደጋውን ብርድ፣ የታች ጋይንቱ አርብ ገበያ የገበያውን ቀን፣ የእስቴው መካነ ኢየሱስ ደግሞ የክርስቲያን ወገኖቻችንን እምነት ይነግሩናል። በሩቅ አገርም እንዲሁ ነው። በምዕራብ ፈረንሳይ በፖቲዬ ከተማ አቅራቢያ በ114 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ በ732) የአንደሉሱ አሚር ዐብዱረሕማን አል-ጋፊቂ ከፍራንኮች ጋር ተዋግቶ የተሰዋበት ውጊያ ተካሂዷል። የሙስሊም ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ውጊያ በላጥ አሽ-ሹሐዳእ ይሉታል። ውጊያው ተካሂዶበታል በሚባለው ስፍራ ያለችው ትንሽ መንደር እስከ ዛሬ የምትጠራው ውጊያ የሚል ቃል ባለበት ስም ነው። ፈረንሳዮች ወገኖቻቸው ድል ያደረጉበትን፣ ሙስሊሞችም ወገኖቻቸው የወደቁበትን ቦታ አልረሱም። የአንድ መንደር ስም ከ1,200 ዓመት በላይ ወሬ ጠብቆ ካቆየ የእኛስ መንደሮች ስም ስንት ነገር ይዞ ይሆን?

ነጋዴውና መንገዱ

በጥንቱ የጎንደር ዘመን ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። መሬት ስላልተፈቀደለት በንግድ፣ በሽመናና በልዩ ልዩ የእጅ ሙያ ይተዳደር ነበር። በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር ከተማ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ታዞ እንደነበረም ታሪክ መዝግቦታል። በጎንደር አዲስ ዓለም የሚባለው የሙስሊሞች ሰፈር የሚታወቀው ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው።

ይሁን እንጂ መሬት የተከለከለው ሰው መንገዱን ያዘ። የጀበርቲ ሲራራ ነጋዴ በአጋሰስና በአህያ ጭኖ ከጎጃሙ የባሶ ገበያ ተነሥቶ፣ ከጣና ምሥራቅ ባሉት በይፋግና በደሪጣ ገበያዎች አልፎ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማና ወደ ምፅዋ ይዘልቅ ነበር። ቡናውን፣ ዝባዱን፣ ሰሙን ወደ ውጭ ያወጣል። አሞሌ ጨውን፣ ጨርቃ ጨርቁንና ማርትሬዛ ብሩን ወደ አገር ያስገባል። በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል። መንግሥትም ይህን ገቢ ስለሚፈልገው ነጋዴውን ፈጽሞ ሊያባርረው አይችልም ነበር። በየጊዜው ነጋድራስ እየተባሉ ከተሾሙት መካከል ሙስሊሞች የነበሩትም ለዚህ ነው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። ነጋዴው በማያውቀው አገር የሚያድረው በአማናው ነው። ሚዛን ያጎደለ ወይም ቃሉን ያጠፈ ነጋዴ በሚቀጥለው ጉዞው የሚያሳድረው አያገኝም። አባቶቻችን በእነዚህ ደጋዎች ጥቂት ሆነው ሳለ ተከብረው የኖሩት ሠራዊት ኖሯቸው አይደለም፤ ታምነው ነው።

ከራስ ዓሊ እስከ ሴባስቶፖል

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ መርሶ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አደረጉ። የእነዚህ መሳፍንት ዘር ወረሼህ ይባላል። ስሙ ራሱ ወደ አንድ ሼህ የሚወስድ ሲሆን ቤተሰቡ መነሻው ሙስሊም እንደነበረ ይታወቃል። መሳፍንቱ ክርስትና ተቀብለው ቢገዙም ተቀናቃኞቻቸው በእስልምና ይከሷቸው ነበር። የመጨረሻው ትልቅ ሹም ዳግማዊ ራስ ዓሊ ከ1823 እስከ 1845 ዓ.ም ገዙ። በ1834 ዓ.ም የትግሬውና የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ወግተዋቸው ድል አደረጉ። ራስ ዓሊም ሸሹ። ነገር ግን ደጃዝማች ውቤ በድንኳናቸው ድሉን በግብዣ ሲያከብሩ የራስ ዓሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ማረኳቸው። ድል ያሰከረው ሰው ድሉን ሳያጣጥም እንደሚያጣው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም። ራስ ዓሊም በ1845 ዓ.ም አይሻል ላይ በካሣ ኃይሉ ተሸንፈው ሥልጣናቸው አበቃ።

ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ አሠሩ። ትልቁ ሴባስቶፖል የሚባለው ሲሆን ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሠራዊታቸውንና መድፎቻቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገዳቸው በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዘቢጥ፣ በዋድላና በደላንታ ነበር። መንገድ ስላልነበረ ገደሉን እየናዱ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። በመጨረሻ በሽሎን ተሻግረው በመጋቢት 1860 ዓ.ም መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 6 ቀን የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ያን ያህል የተደከመበት መድፍ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ይገኛል።

በጨጨሆ መኪና የሚሄድ ሰው ይህን ያስብ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ ቻይናዎች በደርግ ዘመን ሠሩት፤ ሕዝቡም የቻይና መንገድ ይለዋል። ዛሬ በሰዓታት የሚያልፈው ጉዞ ያን ጊዜ ወራት ፈጅቷል። የጋይንት ገበሬም የሠራዊቱን ቀለብ ከጎተራው ያወጣ ነበር። የነገሥታት ታሪክ ሲጻፍ የዚህ ገበሬ ስም የትም አልተጻፈም። የሙስሊሙ ሸማኔና ነጋዴ ስምም እንዲሁ።

ቦሩ ሜዳና ከዚያ በኋላ

በ1870 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ ታዘዘ። ሹማምንቱ ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ፣ ሌላው ሕዝብ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቅ ተባለ። በሽሎ ማዶ የወሎው ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ። እነ ሼህ ጦልሓ ኢብን ጀዕፈር ግን አሻፈረኝ ብለው ተነሡ። ብዙ ሰው ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደደ። ሌላው በቀን ክርስቲያን መስሎ እየታየ በሌሊት ሰላቱን በቤቱ ይሰግድ ነበር።

አንድ ቤተሰብ በአንድ ትውልድ ውስጥ ለሁለት የተከፈለው ያኔ ነው። በወሎም ሆነ በጎንደር አያታቸውን ቢቆጥሩ ሼህም ቄስም የሚያገኙ ቤቶች ሞልተዋል። እንግዲህ በሽሎ ወሰን ይሁን እንጂ ሥጋና ደምን አልለየም።

ይኸው ምድር በ1922 ዓ.ም ሌላ ውጊያ አየ። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በጋይንት ምሥራቅ ጫፍ፣ በደብረ ዘቢጥ አካባቢ፣ አንቺም በተባለው ሜዳ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር መጋቢት 22 ቀን ገጥመው ወደቁ። አውሮፕላን በመጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ።

እንግዳ አይደለንም

በንጉሡ ዘመን የነበሩ አባቶቻችን በመንግሥት አነጋገር በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች ይባሉ ነበር። ሰው ሲሳደብም አገራችሁ መካ ነው ይላቸው ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ የወጣው ታላቅ ሰልፍ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ተብለን እንድንጠራ፣ በዓሎቻችንም እንዲከበሩ ጠየቀ። በሰልፉም ላይ ክርስቲያን ወገኖች አብረው ወጥተዋል። በ1967 ዓ.ም ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የመሬት አዋጅም ርስት ያልነበረው ሙስሊም የሚያርሰው መሬት እንዲኖረው በር ከፈተ።

ሆኖም ሕግ ተለውጦ ልብ ካልተለወጠ መከራው ይመለሳል። በ2011 ዓ.ም በእስቴ መስጂዶች ተቃጥለዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ደግሞ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም እናት አለቀሰች። ከዚያም ወዲህ ሰላሙ ሙሉ አልሆነም። በእስቴ እሳት የለኮሰው ወጣት ጎረቤቱ ትናንት የመጣ እንግዳ ይመስለው ነበርን? አያቱ የለበሰውን ጋቢ ማን እንደሸመነው፣ በወጡ ውስጥ የገባውን አሞሌ ጨው ማን ተሸክሞ እንዳመጣው ቢያውቅ ኖሮ ክብሪቱን ከማንሣቱ በፊት ቆም ይል ነበር ብለን እናምናለን።

በአንጻሩ ደግሞ የዚህ አገር ሰው ያቆየልን መልካም ባህል አለ። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ በሙስሊም እጅ የሚታረድ በሬ ወይም በግ ለይቶ ያቀርባል። ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ ያደርጋል። በለቅሶ አብሮ ይቀመጣል፤ ለቀብርም አብሮ ይወጣል። ይህ መስጂድና ቤተ ክርስቲያን ሳይደባለቁ ሰው የተከባበረበት መንገድ ነው። ልጆቻችን ይህንም ይወቁ።

ምን እናድርግ?

የተከበራችሁ ቤተሰቦች! የጎንደር ግንብ በድንጋይ ስለተሠራ አይረሳም። የእኛ አባቶች ታሪክ ግን በሰው ደረት ላይ የተጻፈ ነው። ሽማግሌው ሲሞት መጽሐፉ አብሮ ይቀበራል። የመቃብራቸው ድንጋይም ስም አልተጻፈበትም፤ ዝናብና ከብት ያፈርሰዋል። ስለዚህ ሦስት ነገር እንመክራለን።

አንደኛ፣ በመጪው ዒድ ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ከጉና ወዲያ ያለውን አገር አሳዩአቸው። ጨጨሆ ላይ መኪናው ሲያዘግም የመድፉን ታሪክ፣ ገበያ ስትደርሱ የሲራራ ነጋዴውን ታሪክ ንገሯቸው። መንገዱ ሰላም ካልሆነም በቤት ያሉትን አያቶች ማስነገር ይቻላል።

ሁለተኛ፣ አንድ ደብተር ግዙ። አባታችሁ ከየት መጣ? ማን ዘንድ ቀራ? መስጂዱን ማን ጀመረው? በየትኛው ገበያ ይነግድ ነበር? መቃብሩ የት ነው? ይህን ከነቀኑ ጻፉ። የመድረሳ ደረሶች ዐረብኛ መጻፍን እንደሚማሩ ሁሉ የሽማግሌን ቃል መጻፍንም ይማሩ። ሰምቶ የሚጽፍ ሰው ከሰማው ላይ አይጨምር፤ ያልሰማውን ሰማሁ አይበል። ሐዲስን የጠበቁልን ዑለማዎች ወሬው ከማን እንደመጣ መጠየቅን አስተምረውናል። እኛም ነጋሪውን በስሙ እንጻፍ።

ሦስተኛ፣ የጎረቤታችንንም ታሪክ እንስማ። የክርስቲያኑ ሽማግሌ ስለ አባታችን የሚያውቀው፣ እኛ ያጣነው ነገር ሊኖር ይችላል። ለመጠየቅ ቤቱ የገባ ሰው በጠላትነት አይታይም።

አላህ (ሱ.ወ) ያለፉትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ይማርልን። መቃብራቸው ያልታወቀውን እርሱ ያውቃቸዋል። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ፣ ለመላው አገራችንም ሰላም ያውርድ። ልጆቻችን አገራቸውን የሚያውቁ፣ ለአገራቸውም የታመኑ ይሁኑ። አሚን።