ከገናሌ ሸለቆ እስከ ተመድ አዳራሽ፦ በመርዝ ጋዝ የተቃጠለች አገር ስለ ኒውክሌር ምን አለች?

«ጅምላ ጨራሽ የጦር መሣሪያ» ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይልዎታል? ሂሮሺማ? የሰሜን ኮሪያ ሚሳይል? ይህን ሀዋሳ ሆነው የሚያነቡ ከሆነ ግን ታሪኩ ከሚያስቡት በላይ ቅርብዎ ነው።

ሀዋሳ ገና ሳትቆረቆር የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መዲና ይርጋለም ነበረች። ጣልያን ሲወርረን የግዛቱ ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊታቸውን ይዘው በዶሎ ግንባር ዘመቱ። በጥር 1928 ዓ.ም. ጄኔራል ግራዚያኒ በገናሌ ወንዝ ሸለቆ ሲያጠቃቸው የጣልያን አውሮፕላኖች ከተራው ቦምብ ጋር መርዝም አወረዱ።

ከመርዞቹ ዋነኛው «የሰናፍጭ ጋዝ» ይባላል፤ ነገሩ ግን ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ክፋቱ፣ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው አያምም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ዓይን ያብጣል። የተነፈሰው ሰው ሳንባው ይቆስላል። ልብስና ጫማ አልፎ ይገባል፤ ማርከሻም እስካሁን አልተገኘለትም። እንግዲህ ጭምብል የሌለውን፣ በባዶ እግሩ የዘመተውን ወታደር ያስቡት።

ታዲያ በጊዜው ሕግ ያልነበረ እንዳይመስልዎ። በ1917 ዓ.ም. የተፈረመው የጄኔቫ ፕሮቶኮል መርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም ከልክሏል። ጣልያን በ1920 ዓ.ም. አጽድቃዋለች፤ ኢትዮጵያም በመስከረም 1928 ዓ.ም. ገብታበታለች። በወሩ፣ በጥቅምት፣ ሙሶሊኒ ግራዚያኒ ጋዝ እንዲጠቀም በቴሌግራም ፈቀደለት። ነገሩ የመንግሥት ውሳኔ ነበር ማለት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው አቤት አሉ። የመንግሥታቱ ማኅበር ግን በቀናት ውስጥ በጣልያን ላይ የጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ።

ሕጉ ለምን አልሠራም? ፕሮቶኮሉ መጠቀምን እንጂ ማምረትንና ማከማቸትን አልከለከለም። መጋዘን ገብቶ የሚፈትሽ አካልም አልነበረውም።

ኢትዮጵያ ይህን አልረሳችም። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ጋር ያቀረበችው የውሳኔ ሐሳብ በተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ጸደቀ። ኒውክሌርን መጠቀም የተመድን ቻርተር መጣስና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ይላል። ካስታወሳቸው ሕጎች አንዱ ያው የጄኔቫ ፕሮቶኮል ነበር። 55 አገሮች ደገፉት፣ 20 ተቃወሙት፣ 26 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ከተቃዋሚዎቹ ነበሩ። ውሳኔው አስገዳጅ አልነበረም። ቢሆንም ቦምቡ የሌላት አገር ቦምቡ ያላቸውን ፊት ለፊት ሞገተች።

ጣልያን ጋዙን መጠቀሟን በመከላከያ ሚኒስትሯ በኩል ያመነችው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የኬሚካል መሣሪያ ስምምነትን አጸደቀች። በ1989 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ይህ ስምምነት ማምረትንም ማከማቸትንም ይከለክላል፤ ሔግ ላይ የተቀመጠ ፈታሽ ድርጅትም አለው። የቀድሞው ሕግ ቀዳዳ የተደፈነው ያኔ ነው።

እንግዲህ በዜና «ስምምነት ተፈረመ» ሲባል ሲሰሙ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ማን ይፈትሻል? ቢጣስስ ማን ይጠየቃል? በ1928 ዓ.ም. ለሁለቱም መልስ የሚሰጥ አልነበረም፤ ዕዳውን የከፈለው የገናሌው ወታደር ነው።