ውጅግራ

ውጅግራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኢትዮጵያ የታወቀ ፈረንሳይ ሠራሽ ጠመንጃ ነው። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ግራ የነዳፊው የባዚል ግራ ስም ነው።

ታሪክ

የፈረንሳይ ጦር ውጅግራን እ.ኤ.አ. በ1874 ታጠቀ። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር ሲሆን በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ሌበል የተባለው ጠመንጃ ሲተካው አሮጌው ለንግድ ወጣና በቀይ ባሕር በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ላይ ውሏል። ጥይቱ እንደ አሞሌ ጨው ለመገበያያም ያገለግል ነበር።

የዋጋ አገማመት

እንዲህ ያለ አሮጌ መሣሪያ ሲገመት የሚከተሉት ይታያሉ፦

* ቁጥር፦ በአፈሙዙና በማቀባበያው ላይ የተመታው ቁጥር አንድ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል፤ ከተለያየ ክፍሎቹ ከሌላ ጠመንጃ የተገጣጠሙ ናቸው።
* ማህተም፦ ሴንት ኤቲየን፣ ቱል ወይም ሻቴለሮ የሚል የፋብሪካ ስም በግልጽ መነበብ አለበት።
* ይዞታ፦ ዝገትና የተሰነጠቀ ሰደፍ ዋጋ ይቀንሳሉ። ለማሳመር ተብሎ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ግን ማህተሙን ስለሚያጠፋ ከዝገቱ ይብሳል።
* ማስረጃ፦ «የአያቴ የዐድዋ ጠመንጃ ነው» የሚል ቃል ብቻውን ዋጋ አይጨምርም፤ ፎቶግራፍ ወይም ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

ሕግ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንና መነገድን ይከለክላል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ፈቃዱ ነው።