የእስያ ድራማዎች በካምዎክያ፦ በፍቅረኞቹ ላይ የሚፈርደው ማን ነው?

አንድ የደቡብ ኮሪያ ድራማ ገጸ ባሕርይ በሶል ከተማ ለሚወዳት ልጅ የተናገረው ቃል፣ በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ ወደምትገኘው ካምዎክያ ሲደርስ ሌላ መልክ ይዞ ሊሰማ ይችላል። በመካከሉ ድምፁን የሚያሰማ ሦስተኛ ሰው አለና። ኡጋንዳውያን "ቪጄ" ይሉታል። ፊልሙን በሉጋንዳ ቋንቋ ይተርካል፣ ያብራራል፣ ይቀልዳል፤ ሲያሻውም ገጸ ባሕርያቱን ይገሥጻል።

የእስያ ድራማ ወዳጆች የሚከራከሩት ስለ ታሪኩ ፍሰት ብቻ አይደለም። ልጅቷ ባለጸጋውን ልታገባ ይገባ ነበር ወይስ ታጋሹን? አማቲቱ ክፉ ሴት ናት ወይስ ለልጇ የምትሳሳ እናት? እነዚህ ጥያቄዎች ተመልካቹ ስለ ፍቅር፣ ስለ ገንዘብና ስለ ክብር ያለውን አመለካከት ይገልጣሉ። ለመሆኑ እነዚህ ድራማዎች በካምፓላ እንዴት ይታያሉ? በጣም የሚያከራክሩት ጥንዶችስ እነማን ናቸው?

ከኮሎሎ ኮረብታ ሥር

ካምዎክያ ከካምፓላ መሐል ከተማ በስተሰሜን የምትገኝ፣ ሕዝብ በብዛት የሰፈረባት መንደር ናት። የኡጋንዳ ብሔራዊ ሙዚየም በአቅራቢያዋ ይገኛል። ሙዚቀኛውና ፖለቲከኛው ሮበርት ኪያጉላኒ፣ በመድረክ ስሙ ቦቢ ዋይን፣ ያደገውም በዚህችው መንደር ነው። ከጎኗ ከፍ ብሎ የሚታየው የኮሎሎ ኮረብታ በአንጻሩ የኤምባሲዎችና የባለጸጎች መኖሪያ ነው።

ይህ አቀማመጥ ለብዙ የኮሪያ ድራማዎች መነሻ ከሆነው ታሪክ ጋር ይመሳሰላል፤ ከላይ ግንብ አጥር ያለው ቪላ፣ ከታች የተጠጋጉ ቤቶች፣ በመካከላቸው ደግሞ ሊሻገሩት የሚከብድ አጭር መንገድ። የባለጸጋ ወራሽና የድሃ ልጅ ፍቅር በካምዎክያ ለሚኖር ተመልካች እንግዳ የማይሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቪጄ ምን ይሠራል?

የቪዲዮ ማጫወቻ መሣሪያ በተስፋፋበት ዘመን በካምፓላ በርካታ ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ። አንዱ "ኪባንዳ"፣ ሲበዙ ደግሞ "ቢባንዳ" ይባላሉ። በእንጨትና በቆርቆሮ የተሠሩ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባቸው፣ በጥቂት ሽልንግ የሚገባባቸው ጨለማ ክፍሎች ናቸው። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች በቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ኢትዮጵያዊ በቀላሉ ሊያስባቸው ይችላል።

የኡጋንዳው ልዩ የሚሆነው በቪጄው ነው። ፊልሞቹ በእንግሊዝኛ ወይም በሌላ የውጭ ቋንቋ ነበሩ፤ ታዳሚው ግን በአብዛኛው ሉጋንዳ ተናጋሪ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ ከጎን ይቀመጣል። ገጸ ባሕርያቱ ሲነጋገሩ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ያደርግና ንግግራቸውን ይተረጉማል፤ ዘፈን ወይም ድብድብ ሲመጣ ድምፁን መልሶ ከፍ ያደርጋል። የወንዱንም የሴቲቱንም፣ የአያቲቱንም የሕፃኑንም ቃል የሚናገረው እርሱ ብቻውን ነው።

በኋላ ትርጉሞቹ በዲስክ፣ ቀጥሎም በፍላሽና በእጅ ስልክ መሰራጨት ጀመሩ። እንደ ቪጄ ጂንጎና ቪጄ ጁኒየር ያሉ ተራኪዎች ከፊልሞቹ ተዋንያን የማይተናነስ ዝና አገኙ። ይህን ጥበብ ለዓለም ያስተዋወቀው በካምፓላ ዋካሊጋ ሰፈር በአነስተኛ ወጪ የተሠራውና በአውሮፓውያኑ 2010 የወጣው "ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?" የተሰኘ ፊልም ነው። የውጭ ተመልካቾች ፊልሙን ያወቁት ከቪጄ ኤሚ ትረካ ጋር ነው።

ሁለት ወንዶች፣ አንዲት ልጅ

የኮሪያ ድራማ ወዳጆችን ከሚያከራክሩ ታሪኮች መካከል በ2009 የቀረበው "ቦይስ ኦቨር ፍላወርስ" ቀዳሚ ነው። መነሻው የጃፓናዊቷ ዮኮ ካሚዮ የሥዕል ልብወለድ ሲሆን፣ ከኮሪያ በፊት በታይዋን በ2001፣ በጃፓን ደግሞ በ2005 ለቴሌቪዥን ተሠርቷል። ጉም ጃን ዲ የልብስ ንጽሕና ቤት ያለው ሰው ልጅ ናት። የባለጸጎች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ገብታ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ወራሽ፣ ከጉ ጁን ፒዮ ጋር ትጋጫለች። ጁን ፒዮ በመጀመሪያ ያሳድዳታል፤ ኋላ ይወዳታል። በአጠገቡ ደግሞ ዝምተኛውና ቫዮሊን ተጫዋቹ ጓደኛው ዩን ጂ ሁ አለ።

የጁን ፒዮ ደጋፊዎች "ሰው በፍቅር ይለወጣል" ይላሉ። ሲቆጣም ሲያለቅስም ልቡን አይሸሽግም፤ የእናቱን ሀብትና ቁጣ ተቋቁሞ ለልጅቷ ቆሟል ብለው ይከራከራሉ። የጂ ሁ ወዳጆች መልስ አጭር ነው፦ ያልበደለ ሰው ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልገውም። ልጅቷ ስትቸገር ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ነው፤ በምላሹም ምንም አይጠይቅም።

ሁለቱን ክርክሮች ሲመዝኑ የጁን ፒዮ ለውጥ እውነተኛ መሆኑን መካድ ይከብዳል። ይሁን እንጂ ለውጡ ዋጋ የተከፈለበት በልጅቷ ሥቃይ ነው፤ ድራማውም ይህን ዋጋ ቶሎ ይረሳዋል። የጂ ሁ ድክመት ደግሞ ሌላ ነው። በታሪኩ መጀመሪያ ልጅቷ ስትመኘው ልቡ ከሌላ ሴት ጋር ነበር፤ ልቡ ሲመለስ የእርሷ ልብ ሄዷል። ብዙ ተመልካች የሚያዝንለት ደግነቱ ሳይከፈለው ስለቀረ ነው። ደግነት ግን ፍቅርን የማስከፈል መብት እንደማይሰጥ ከታሪኩ መማር ይቻላል።

የሴትን እጅ በኃይል ይዞ መጎተት በቀደሙት የኮሪያ ድራማዎች የፍቅር ምልክት ተደርጎ ይቀርብ ነበር። በደቡብ ኮሪያ ራሷ ይህ ትዕይንት ተተችቷል። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ደግሞ ትርጉሙ በተራኪው እጅ ነው። ቪጄው "ወንድ እንዲህ ነው!" ካለ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ "ልጅቷን ልቀቃት!" ካለ ያው ምስል ነውር ይሆናል።

ቡና የቆላው ካፒቴን

ከዓመታት በኋላ የመጣው "ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ" ሌላ ዓይነት ወንድ አቀረበ። በታኅሣሥ 2019 ተጀምሮ በየካቲት 2020 በተጠናቀቀው በዚህ ድራማ፣ የደቡብ ኮሪያ ባለጸጋ ልጅ የሆነችው ዩን ሰ ሪ በፓራሹት መሰል ክንፍ ስትንሳፈፍ ነፋስ ወስዶ ሰሜን ኮሪያ ይጥላታል። የሚያገኛት ካፒቴን ሪ ጆንግ ህዮክ ነው። እዚህ ባለሀብቷ ሴቲቱ ናት።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች በተለይ የሚቀርበው አንድ ትዕይንት አለ። ሰ ሪ ቡና ሲያምራት ካፒቴኑ ጥሬ ቡና ፈልጎ ያመጣል፤ ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ አፍልቶ ያቀርብላታል። ስለ ፍቅሩ አንዲት ቃል አይናገርም። የካፒቴኑ ወዳጆች የእርሱ ፍቅር በሥራ የሚገለጥ ነው የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ፍጻሜው ግን ያከራክራል። ሁለቱ በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ በስዊዘርላንድ ይገናኛሉ። አንዳንዶች ይህን ድል ሲሉት ሌሎች ግማሽ ትዳር ይሉታል። ቤተሰቡ በድንበር ወይም በስደት ለተከፋፈለበት ሰው ግን ይህ ፍጻሜ የሚያውቀው ኑሮ ነው። ዋና ተዋንያኑ ህዩን ቢንና ሶን ዬ ጂን በ2022 በእውን መጋባታቸው ለብዙ አድናቂዎች ድራማው የነፈጋቸውን ሠርግ ሰጥቷቸዋል።

አማትና ምራት

በምሥራቅ አፍሪካ የእስያን ድራማ ካስለመዱት አንዱ ቻይናዊው "ዱዱና አማቶቿ" ነው። በ2011 በስዋሂሊ ተተርጉሞ በታንዛኒያ ቴሌቪዥን ቀርቧል፤ የቻይናው ፕሬዝዳንት ሺ ጂንፒንግም በ2013 ዳሬሰላምን ሲጎበኙ በንግግራቸው አንሥተውታል። የዱዱ ባል ወላጆች ተፋትተው አባቱ ሌላ ሴት በማግባቱ ወጣቷ ሚስት ለሁለት አማቶች መታዘዝ ግድ ይሆንባታል።

በ2015 በአፍሪካ የጀመረው ዚ ወርልድ ጣቢያ ያስተዋወቃቸው የህንድ ድራማዎችም አማትን ከታሪኩ መሐል ያስቀምጣሉ። የዱዱ ብልጫ አማቶቿን ጭራቅ አለማድረጉ ነው። ሁለቱም የሚፈሩት ልጅን ማጣትን ነው፤ ዱዱም የምታሸንፋቸው በሴራ ሳይሆን በትዕግሥት ነው።

"እርስዎ" መቼ "አንተ" ይሆናል?

ኮሪያኛ የአክብሮትና የቅርበት አነጋገር የሚለይበት ቋንቋ ነው። አንዲት ሴት ከአክብሮት ወደ ቅርበት ስትሻገር፣ መሳሳም ከመምጣቱ በፊት ፍቅር መጀመሩ ይታወቃል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይህ ልዩነት ይጠፋል። በሉጋንዳ ግን ለትልቅ ሰው በብዙ ቁጥር መናገር ስላለ ጎበዝ ተራኪ ሊያሳየው ይችላል። አማርኛም "እርስዎ" እና "አንተ" ስላለው ይህ በረከት አልጎደለበትም።

በኢትዮጵያ ቃና ቴሌቪዥን በ2016 የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ብዙ ተመልካች አግኝቷል፤ የአገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ግን ሥራችንንና ባህላችንን ይጎዳል ሲሉ ተቃውመዋል። ቃና ለየገጸ ባሕርዩ የተለየ ድምፅ ይመድባል። በአንድ ሰው ድምፅ የሚተረከውና በስልክ የሚዘዋወረው "ትርጉም ፊልም" ደግሞ ለካምፓላው ቪጄ ይቀርባል።

የመብት ጥያቄ

የቪጄ ሥራ ከሕግ ጋር ይጋጫል። የኡጋንዳ የ2006 የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ሕግ የትርጉም መብትን ለሥራው ባለቤት ይሰጣል፤ በየሰፈሩ የሚሸጡት ትርጉሞች ግን ብዙ ጊዜ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው። ሕጉ በጥብቅ ቢፈጸም የሚጎዱት ተራኪዎች ብቻ አይሆኑም፤ ቅጂ ሻጮችና የቪዲዮ ቤት ባለቤቶችም እንጀራቸውን ያጣሉ። ካልተፈጸመ ደግሞ የድራማዎቹ ባለቤቶችና በራሳቸው ገንዘብ ፊልም የሚሠሩ ኡጋንዳውያን ከነጻ ቅጂ ጋር መወዳደር ይገደዳሉ። ለቪጄዎች ፈቃድ የሚገዙበት አቅምን ያገናዘበ መንገድ ካልተበጀ በቀር ከሁለት አንዱ ወገን መጎዳቱ አይቀርም።

ተመልካቹን የሚነካው ግን ሌላው ጉዳይ ነው። ጁን ፒዮ የተለወጠ ወንድ ይሁን ወይም ጉልበተኛ፣ አማቲቱ ክፉ ትሁን ወይም የፈራች እናት፣ በሉጋንዳ ብቻ ለሚያዳምጥ ሰው የመጀመሪያውን ፍርድ የሚሰጠው ማይክሮፎኑን የያዘው ሰው ነው። ከቪዲዮ ቤቱ በር ውጪ የሚቀጥለው ክርክር ያን ፍርድ ለማጽናት ወይም ለመሻር የሚደረግ ይግባኝ ነው።